ባልዲው ከጄኔሬተር ቤት ጀርባ

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

ጥፋት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዛሬ ባልዲውን እስከ ጫፉ ድረስ አልወሰድኩትም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሚጠይቀኝም የለም። ደብተሩ አባዬ የሰጠኝ የጄኔሬተር መዝገብ ነው። በየገጹ አናት ላይ «ሰዓት፣ ናፍጣ፣ ግፊት፣ አስተያየት» ተብሎ ተሰምሯል። ግማሹ ባዶ ስለሆነ ሊጣል ነበር። እኔ መስመሮቹን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው፤ ለአስተያየት የተተወችው ቦታ ጣት አታህልም።

ከሰፈራችን ማዶ ያለው ደሴት የመርከብ ኩባንያው ነው። ማክሰኞና ዓርብ መርከቡ ይመጣና አራት ሺህ ሰው ያራግፋል፤ አመሻሽ ላይ መልሶ ይሰበስባቸዋል። በሌሎቹ ቀናት ደሴቱ ላይ ከእኛ ከሠራተኞቹና ከእንሽላሊቶቹ በቀር ማንም የለም። የመብራቱና የውሃው ኃላፊ አባዬ ነው። እዚያ ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው ጨው ስለሆነ፣ ሦስት ጄኔሬተሮች ናፍጣ እየጠጡ መብራት ያወጣሉ፤ የውሃ ማሽኑ ደግሞ መብራቱን እየበላ ባሕሩን በቧንቧ ስቦ፣ አጣርቶና በኃይለኛ ግፊት ገፍቶ ጨው የሌለው ውሃ ያወጣል። አባዬ ጄኔሬተሮቹን በሦስት አክስቶቹ ስም ነው የሚጠራቸው፤ ድሩሲላ፣ ኢኔዝና ፍሎረንስ። ድሩሲላ ታጨሳለች፣ ኢኔዝ ትጮኻለች፣ ፍሎረንስ ካልለመኗት አትነሣም። አክስቶቹም እንደዚያው ነበሩ ይባላል።

እኔ የምሠራው ከአባዬ እህት ከአክስቴ ቨርዴል ጋር ነው። አክስቴ በባሕሩ ዳር ለእንግዶቹ የኮንክ፣ የትልቁ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሰላጣ ትሸጣለች። ሮዝ ቅርፊቱን በመዶሻ ትበሳለች፣ ቀንድ አውጣውን ጥፍር በሚመስለው ጠንካራ ክዳኑ ጎትታ ታወጣለች፣ ሥጋውን ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ትከታትፋለች። አንጀቱ፣ ልፋጩና ጥፍሩ ወደ ባልዲ ይገባል። ባልዲው የእኔ ሥራ ነው።

«እዚህ አጠገብ እንዳትደፊው» ብላኛለች። «በሕይወት ያሉት የሞቱትን ካሸተቱ ከአጥራቸው ወጥተው ይሄዳሉ። ወስደሽ ከደሴቱ ጫፍ ድፊው።»

ባሕሩ ውስጥ በአጥር የምታኖራቸው ኮንኮች ሲሄዱ አይታ አታውቅም። ግን በሰፈራችን ይህን የሚጠራጠር የለም።

ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ በወንበሮቹ መካከል ያልፋል። ወንበሮቹን አንድ ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በእያንዳንዱ ላይ ሰው አለ። ያን ሁሉ ሰው እያለፍኩ የሚሸት ባልዲ መሸከም አለብኝ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ «የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ። ለመመለስ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ዞር ብዬ ወደ ጄኔሬተር ቤቱ ሄድኩና ከጀርባው፣ ከድንጋዮቹ ሥር ደፋሁት። እዚያ ሰው አይመጣም። ባሕሩ ወዲያው ወሰደው።

ከዚያ ጄኔሬተር ቤት ገባሁ። ከሁሉ የምወደው ቦታ ነው። ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን ማንም መልስ አይጠብቅብኝም። አባዬና ረዳቱ ጋሼ ሲፕሪያን ከመስታወቱ ወዲያ በመቆጣጠሪያው ክፍል ይቀመጣሉ፤ ወደ ማሽኖቹ ሲወጡ የጆሮ መሸፈኛ አድርገው እንደ ዓሣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ይግባባሉ። እኔ ከፍሎረንስ አጠገብ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የፈለግኩትን አወራለሁ። ማንም አይሰማኝም። ዛሬ ስለ ባልዲው አወራሁ። ቀለል አለኝ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ፣ የመርከብ ቀን

ባልዲ ሁለት ጊዜ። ከጀርባ። ማንም አላየኝም።

ለፍሎረንስ ጫማዬ ተረከዜን እንደላጠው ነገርኳት። ደግሞ ጋሼ ሲፕሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘምር ናፍጣ ያለቀባት ድሩሲላን ይመስላል አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ከመስታወቱ ወዲያ አባዬ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ሳልታጠብ ስለገባሁ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

የውሃ ማሽኑ ታመመ።

ባሕሩ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በነጭ የክር ማጣሪያዎች ያልፋል። አንዱ ዙር ወር ይቆያል። ዛሬ አባዬ ሲከፍታቸው ቡናማ ሆነው፣ ልፋጭ ተለጥፎባቸው ወጡ። የገቡት ባለፈው ሐሙስ ነበር።

«ይህን ሁሉ ንፍጥ ባሕሩ ከየት አመጣው?» አለ አባዬ።

«ባሕሩም እንደኔ ጉንፋን ይዞት ይሆናል» አለ ጋሼ ሲፕሪያን።

እኔም በማጠቡ አገዝኳቸው። ሽታው የማውቀው ሽታ መሰለኝ። ግን ባሕር ሁሉ ባሕር ይሸታል።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ፣ የመርከብ ቀን

በችኮላ ነው የምጽፈው። ማጣሪያው እንደገና ተዘጋ። ከቀትር በኋላ ግፊቱ ስላስፈራቸው ማሽኑን አቆሙት፤ በታንከሩ የቀረውን ለወጥ ቤቱ አስቀሩት። መታጠቢያ ቤቶቹ ደረቁ። ሳሙና የተቀባ ሰው ሁሉ እየሮጠ ወጣ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ከራሱ እስከ ጉልበቱ አረፋ ሆኖ ባሕር ገባ፤ በጨው ውሃ ሳሙናው አልለቅ ብሎት እንደ በግ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጆች ከበውት ፎቶ ያነሡታል።

ሚስተር ቢያርኔ መጣ። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ የኩባንያው መሐንዲስ ነው። የውሃ ሁሉ አለቃ ሆኖ የሚጠጣው ከአገሩ በጠርሙስ የመጣ ውሃ ነው። ሁሉን ነገር በእጁ ከያዘው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያነባል።

«ሄዝሮን፣ ማሽኑ አርጅቷል?»

«ማሽኑ ከአንተ ሰሌዳ በላይ ጤነኛ ነው» አለ አባዬ። «ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚጠጣው። የሰጡት ነገር ነው የከፋው።»

ወደ ቤት ስንሄድ ጋሼ ሲፕሪያን በላስቲክ የተጠቀለለ ጫማ ሰጠኝ። የልጁ ነበር፣ ጠቧት ነው አለ። ልኬ ነው። ግጥምጥሞሹ ገረመኝ።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ዘንድሮ ዝናብ ከገና በፊት ጀምሮ ጠፍቷል። የየቤቱ የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያ ወለሉ እየታየ ነው። ሰፈሩ የሚኖረው ኩባንያው ለሠራተኞች በሚፈቅደው በቀን ሁለት ሁለት ጀሪካን ነው። ስለዚህ ፓስተሩ ዛሬ ለታመሙት ከጸለየ በኋላ ለውሃ ማሽኑም ጸለየ። ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አሜን ማለት ከበደኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከጸሎት በኋላ ወይዘሮ ኢዩላሊ አባዬን በር ላይ ያዙት።

«ሄዝሮን፣ ይህ የማሽን ውሃህ አተሬን አላበስል አለ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀቅዬው እንደ ጠጠር ይንኳኳል።»

«እትዬ ኢዩላሊ፣ ውሃው ንጹሕ ነው፤ አተሩ ነው ያረጀው።»

«አተሩን ከእኔ ዕድሜ ጋር አታገናኘው።»

«እኔ ስለ አተሩ ነው ያወራሁት።»

«ያኔ ገና ስትወለድ፣ ስም ሳይወጣልህ፣ ያጠብኩህ እኔ ነኝ፤ በዝናብ ውሃ ነው ያጠብኩህ፤ ለዚህ ነው ቶሎ የበሰልከው» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬ ጀሪካናቸውን እስከ ቤታቸው ተሸከመላቸው።

ጋሼ ሲፕሪያን ዛሬ አልዘመረም። ጉሮሮዬን አሞኛል አለ። ከሁለት ሰዓት በፊት በጀልባው ላይ ሲያፏጭ ሰምቼው ነበር።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

ባልዲውን ለመድፋት ስሄድ ከድንጋዮቹ ሥር ሦስት ሻርኮች ተኝተው አገኘሁ። ሰው የማይነኩት፣ አሸዋ ላይ የሚተኙት ዓይነት ናቸው። መምጣቴን አወቁ መሰለኝ፤ ራሳቸውን አነሡ። የሚጠብቀኝ ፍጡር ሲኖረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደፋሁላቸው። በሉ። ሁሉንም ግን አልጨረሱም፤ የተረፈው በድንጋዮቹ ዙሪያ ወደ ቧንቧው አፍ በኩል ሄደ። ማዕበሉ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላዝዘውም።

ማጣሪያው ተዘጋ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ፣ የመርከብ ቀን

የሰማሁትን ልጻፍ። የሰማሁት ፎጣ ከሚከመርበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ተደብቄ አልነበረም፤ ሰዎች ሲመጡ ገባሁ እንጂ።

ሚስተር ቢያርኔ ለአንድ ሰው በስልክ፦ «ማጣሪያው የሚዘጋው በመርከብ ቀን ብቻ ነው። ባሕር መርከብ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ የሚዘጋው በሰው ስንፍና ነው። በመርከብ ቀን ሥራ ሲበዛበት ሄዝሮን አያጥበውም። አዎ። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ዘመኑ አልፏል። ማርች ሃያ ስትመጡ እንጨርሰው። ማሽኑን ከሩቅ ሆኖ የሚቆጣጠር ሰው አለን። ሄዝሮን የባሕር ሳር መጥረጉን ይያዝ።»

የባሕር ሳር መጥረግ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚገቡ ልጆች የሚሰጣቸው ሥራ ነው። አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያ ብርጭቆ ውሃ ቀምሶ «ዛሬ ደግ ሆናለች» ወይም «ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነች» የሚል ሰው ነው። ለባሕር ሳር ምን ይለዋል?

ሚስተር ቢያርኔ አንድ ነገር ትክክል ተናግሯል። ባሕር መርከብ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም።

ይህን ለምን ሁለት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 24፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

ባልዲ ሦስት። ሻርኮች ሰባት። ማጣሪያ ተዘጋ።

አባዬ ከቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ሲያጸዳ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ከሳሩ መካከል አንድ ነገር መርጦ አነሣና በሱሪው ጠርጎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሌላ ደገመ። ሚስተር ቢያርኔ ሲመጣ ወንፊቱ ላይ ሳር ብቻ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለው።

«ሳር።»

አባዬ ዋሽቶ አያውቅም። ሳርም ነበረ፣ ስለዚህ ዋሸ አይባልም።

ማርች 3፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

ጉድ ፈላ። ሚስ ሻንዳ የእንግዶች መዝናኛ ኃላፊ ነች፣ ከዋና ከተማው ከናሶ የመጣች፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ። ሻርኮቹን አይታቸዋለች።

«ተፈጥሮ ራሷ መርጣን መጣች» እያለች ትዞራለች። ከጄኔሬተር ቤቱ ጀርባ ሰሌዳ አቆመች፤ «የሻርክ ዳርቻ» ይላል። ገመድ ወጠረች። ወንበር ደረደረች። እኔ ሰው ሸሽቼ የመጣሁበት ቦታ ላይ ስልሳ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል።

ባልዲዬን ይዤ ጥጉ ላይ ስደርስ ስልሳውም ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴት «ምግባቸውን ይዛ መጣች መሰለኝ» አለች። ሚስ ሻንዳ ሳቀች።

«አይ፣ እኛ ተፈጥሮን አንመግብም። ልጅቷ የወጥ ቤት ናት። የኔ ቆንጆ፣ በዚያ በኩል እለፊ።»

ተመለስኩ። ባልዲውን የት ላድርገው? በፎጣው ክፍል ውስጥ ደበቅኩት። ፎጣዎቹን ነገ እንደገና ያጥቧቸዋል። በቂ ውሃ ካለ።

ማርች 6፣ ዓርብ፣ የመርከብ ቀን

ዛሬም የሻርክ ዳርቻ ሙሉ ነው። ወደ ጫፉ በወንበሮቹ መካከል መሄድ አልቻልኩም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ ሁለቱን ባልዲዎች በጨርቅ ሸፍኜ በሠራተኞቹ ጀልባ ወደ ሰፈር ይዤ ሄድኩ። ጀልባው ላይ ሃያ ሰው አለ።

«ማነው የሞተው?» አለ አንዱ።

«ማንም ይሁን፣ ከትናንት በስቲያ ነው የሞተው» አለ ሌላው።

ሁሉም ወደ ጀልባው ፊት ሄደው ታጨቁ፤ ጀልባው አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሄደ። አባዬ ብቻ ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ እጁ ባልዲው እጀታ ላይ ነበር።

ሻርኮቹ ዛሬ አልመጡም። ስልሳው ሰው ሁለት ሰዓት ድንጋይ ሲያይ ዋለ።

ማጣሪያው እንደ ወተት ነጭ ነበር።

ማርች 8፣ እሑድ

ስለ ዓርብ አስቤበታለሁ። ምክንያቱ ጨረቃ ሊሆን ይችላል። ወይም ነፋሱ ወደ ደቡብ ስለዞረ ነው። ወይም የፓስተሩ ጸሎት ዘግይቶ ደርሶ ነው። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ሲፕሪያን አሁንም አልዘመረም። ያለ እሱ መዝሙሩ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ያልኩት ልክ አልነበረም።

ማርች 10፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

አክስቴ ቨርዴል ባልዲ ወደ ሰፈር እንደወሰድኩ ሰማች።

«አንቺ ልጅ፣ የእኔን ቆሻሻ በጀልባ ታንሸራሽሪዋለሽ? ሰው ሁሉ የቨርዴል ኮንክ ይሸታል እያለ ነው። ሃምሳ ዓመት የሠራሁትን ስም በአንድ ባልዲ ልታጠፊው ነው?»

«አይ አክስቴ።»

«ምን አልሽ? ጮክ በይ። ትንኝ እንኳ ከአንቺ ይሻላል፣ ሲመጣ ይሰማል። የት ነበር የምትደፊው?»

«ከጫፉ» አልኩ።

ጻፍኩት እንግዲህ። ዋሸሁ።

ጠዋት መርከቡ ሳይጠጋ፣ ሰሌዳው ጋ ሰው ሳይደርስ፣ ሮጬ ሄጄ የማለዳውን ባልዲ ከጀርባ ደፋሁ። ሻርኮቹ መጡ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ሚስ ሻንዳ በደስታ ልታለቅስ ደረሰች። በስድስት ሰዓት ማጣሪያው ተዘጋ። በሰባት ሰዓት የበረዶ ማሽኑ ቆመ። በስምንት ሰዓት ሚስተር ቢያርኔ ሁላችንን ሰብስቦ አባዬን በሰው ፊት ጠየቀው።

«ሄዝሮን፣ ዓርብ ንጹሕ የነበረ ዛሬ እንዴት ተዘጋ?»

አባዬ ወደ እኔ አላየም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሁሉንም አየ፣ ወደ እኔ ብቻ አላየም።

«ጥፋቱ ከእኔ ቤት ነው» አለ። «ከእኔ ቤት ነው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«መቼ?»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«እስከ ማርች ሃያ ጊዜ አለህ» አለው ሚስተር ቢያርኔ። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍቶ የአገሩን ውሃ ጠጣ።

ጋሼ ሲፕሪያን በጄኔሬተር ቤቱ በር ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ተማሪው ፈተና ላይ ተቀምጦ መልሱን እያወቀ ሳይጽፍ ሲቀር የሚያይ አስተማሪ ይመስል ነበር። እኔ አስተማሪዎችን እንዲህ አውቃቸዋለሁ። ለከፍተኛ ትምህርት ናሶ ሄጄ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ከመኖር ብዬ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ።

ማርች 13፣ ዓርብ፣ የመርከብ ቀን

ባልዲዎቹን ከአክስቴ ጠረጴዛ ሥር ደበቅኳቸው። በአምስት ሰዓት ሁለት ደንበኞች ሰላጣቸውን ትተው ሄዱ። አክስቴ አሮጌ ኮንክ የቀላቀለች መስሏት ያለውን ሁሉ አሸተተች፤ ራሷንም ጭምር። ኮንኮቹ ከአጥራቸው አልወጡም።

ማጣሪያው ነጭ። ሻርክ የለም። ሚስ ሻንዳ ድንጋዩን «የማሰላሰያ ዳርቻ» ልትለው እያሰበች ነው።

ጨረቃ አይደለችም።

ማርች 17፣ ማክሰኞ፣ የመርከብ ቀን

ሦስት ቀን ቀረው። ለአባዬ ልነግረው ወሰንኩ። ቁርስ ላይ ጀመርኩ፤ «አባዬ» አልኩ። «እ?» አለ። «ሻይህ ቀዘቀዘ» አልኩት። ሻዩ አልቀዘቀዘም ነበር፤ ሲጠጣ ምላሱ ተቃጠለ። ደሴቱ ላይ እንደገና ጀመርኩ፤ ጋሼ ሲፕሪያን መጣ። ከቀትር በኋላ ጀመርኩ፤ ራሴው ጠፋሁ።

ስለዚህ ለመለማመድ ፍሎረንስ አጠገብ ቆምኩ። በጩኸቱ መካከል፣ በሙሉ ድምፄ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩት። «አባዬ፣ ማጣሪያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ባልዲውን ከጀርባ የምደፋው በሰዎቹ መካከል ማለፍ ስላፈርኩ ነው። ሥራህን ሊወስዱብህ ነው፣ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ለአክስቴም ዋሸሁ።» አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። በአምስተኛው ሳላለቅስ ጨረስኩት። ኢኔዝም ፍሎረንስም መልስ አልሰጡም፤ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ቀና ስል ከመስታወቱ ወዲያ አባዬ ቆሟል። ጋሼ ሲፕሪያን አጠገቡ ሆኖ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። የድሩሲላ ጭስ መሰለኝ።

ማርች 19፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

ነገ ከማያሚ የኩባንያው ትልቅ ሰው በመርከቡ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ነገር ሲያጸዱ ዋሉ። ሌሎቹ በመጀመሪያው ጀልባ ሄዱ፤ እኔና አባዬ በእሱ ትንሽ ጀልባ ተከተልን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ስንደርስ አባዬ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥ አለ። ጸጥታ አልወድም፤ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል።

«ኦርሊን፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። ማክሰኞ አምስት ጊዜ ያልኩት ነገር አንድ ቃሉ አልመጣልኝም።

«እሺ» አለ። «እኔ ልጀምርልሽ። ባልዲው።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ።»

«እኔ አልነገርኩህም።»

«ፌብሩዋሪ ሦስት። ፍሎረንስ አጠገብ ቆመሽ። ፊትሽን ወደ መስታወቱ አዙረሽ ነው የምታወሪው፣ የኔ ልጅ።»

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። አባዬና ጋሼ ሲፕሪያን ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጩኸት ውስጥ ሲሠሩ የሚግባቡት በአፍ እንቅስቃሴ ነው። አንዱ የሌላውን ከንፈር ያነባል። በየቀኑ አየዋለሁ። እንደ ዓሣ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። እኔ ማንም የማይሰማኝ ቦታ አገኘሁ ብዬ ስለፈልፍ የነበርኩት፣ በአገሩ ሁሉ ከንፈር ማንበብ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ፊት ነበር።

«ጋሼ ሲፕሪያንም?» አልኩ።

«ጫማው ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። «ስለ መዝሙሩ ያልኩትንስ?»

«በእሱስ በጣም አዝኗል» አለ አባዬ። «ሚስቱ ግን ታመሰግንሻለች።»

ጀልባው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ሳቅኩ ወይም አለቀስኩ፤ አባዬም እንደዚያው። ከዚያ ጠየቅኩት።

«ካወቅክ ለምን አልከለከልከኝም? ለምን አልነገርከኝም? ሥራህን ሊወስዱብህ ነው።»

ውሃውን እያየ ነው የተናገረው።

«ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል ብትናገሪ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ስድስት። እዚያ ግን ገብተሽ ታወሪያለሽ። ትስቂያለሽ። ሲፕሪያን ላይ ትቀልጃለሽ። ብነግርሽ ኖሮ ዳግመኛ አትገቢም ነበር። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ማጣሪያ ሳጥብ ከረምኩ። ማጣሪያ ማጠብ ለእኔ ምን አላት?»

ከመቀመጫው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣና እቅፌ ላይ አስቀመጠው። ሲነቃነቅ ይንኳኳል። ከፈትኩት። የኮንክ ጥፍር ነው፤ ከወንፊቱ እየለቀመ ኪሱ የሚከታቸው። ሚስተር ቢያርኔ እንዳያያቸው አንድም ሳያስቀር ሰብስቧቸዋል።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው» አለ። «የባሕር ሳርም ሥራ ነው። ለራስሽ ብለሽ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ያንቺ ነው።»

ሞተሩን አስነሣ። ወደ ሰፈር ስንጠጋ፣ በሞተሩ ጩኸት መካከል፣ ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩና ያለ ድምፅ አፌን ብቻ አንቀሳቅሼ «አባዬ፣ ይቅርታ» አልኩት። አነበበው። በዚያው መንገድ መልስ ሰጠኝ፤ እኔም አነበብኩት። ያለውን አልጽፈውም።

ነገ ማርች ሃያ ነው፣ የመርከብ ቀን። ጠዋት መጀመሪያ ለአክስቴ ቨርዴል እውነቱን እነግራታለሁ፤ ትጮኻለች፣ እሷ ስትጮኽ እኔ መጮኽ አይኖርብኝም። ከዚያ ሚስተር ቢያርኔንና የማያሚውን ሰውዬ መርከቡ የሚቆምበት ድልድይ ላይ አገኛቸዋለሁ። ጄኔሬተር ቤት አልወስዳቸውም። ሞተር በሌለበት፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ በድምፄ እነግራቸዋለሁ፤ ድምፄ እምቢ ካለኝ ቆርቆሮውን አነቃንቃለሁ፣ ሲያዩኝ እንደገና እጀምራለሁ። ከዚያ ባልዲውን አንሥቼ በስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች መካከል እስከ ደሴቱ ጫፍ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ዳግመኛ መጥቶ ምን እንደያዝኩ ከጠየቀኝ፣ ቆሜ እነግረዋለሁ።